የሰው እጅ ወዝ

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ሳሎኑን ስጠርግ ከጅማ በርጩማው ሥር ዱቄት አገኘሁ። ነጭ፣ የላመ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ። ጠርጌው ሄድኩ። ማታ ስመለስ ሌላ ትንሽ ክምር። ቅንቅን ገብቶበታል።

ገለበጥኩት። ሦስቱ እግሮች ከነመቀመጫው ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው፤ ሚስማር የለ፣ ማጣበቂያ የለ። በአንደኛው እግር ውስጠኛ ጎን መርፌ የማይሞላቸው ቀዳዳዎች። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ዝም። የሚበላው ሌሊት ይሆናል።

ነጭ ጋዝ ልስጠው ወይስ ልተወው? ያረጀ ነገር ውበቱ ማርጀቱ ነው እያልኩ እንግዳ የማደክም እኔ ነኝ። ቅንቅኑም እኮ አንዱ የማርጀት መንገድ ነው። ይህን አስቤ ብቻዬን ሳቅኩ። ነገ ነጭ ጋዝ እገዛለሁ።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

መርካቶ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። ምናለሽ ተራ ግማሹ ሸራ ለብሷል፤ ከሸራው ሥር ግን ቆርቆሮ መቀጥቀጡ አላረፈም። በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ጎማው ጫማ፣ የዘይት ጣሳው ማንቆርቆሪያ። እዚህ ሰፈር ያረጀ የሚባል ነገር የለም። ያረጀውን የምፈልግ እኔ ብቻ።

ገበቴ ገዛሁ። 2,400 አለ፣ 1,700 ላይ ተስማማን። ጠፍጣፋ፣ ሦስት ጉድጓድ ያለው ትንሽ የእንጨት ገበታም ምርቃት ጨመረልኝ።

ገበቴው ዋንዛ ነው። ስፋቱ ክንድ ከስንዝር። ከጠርዙ ተነስቶ ወደ መሃል የወረደ ስንጥቅ አለው። ስንጥቁን ግራና ቀኝ በጋለ ብረት በስተው ሰፍተውታል። ወደ ጠርዙ ያሉት ስፌቶች ጠፍር ናቸው፤ ጠፍሩ ጠቁሮና ደርቆ ከእንጨቱ አይለይም። ወደ መሃል ያሉት የመዳብ ሽቦ። መጀመሪያ አንድ ሰው በጠፍር አስሮ አቆመው። ቆይቶ ስንጥቁ አልፎ ሄደ። ሌላ ሰው፣ ወይም ያው ሰው ሸምግሎ፣ በሽቦ ያዘው። ከመጨረሻው ሽቦ በታች ደግሞ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ ወርዳለች። እሷን የያዛት የለም።

ከየት መጣ ብዬ ጠየቅሁ። "ከሰሜን" አለኝ። የጅማውን በርጩማም ያኔ "ከሰሜን" ብሎ ነው የሸጠልኝ።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ጉንፋን። ቢሮ አልሄድኩም። የእህቴ ልጅ ትታው የሄደችውን የጃፓናዊውን የያናጊ ሶኤትሱን መጽሐፍ ይዤ ተጠቀለልኩ።

ኪዛኤሞን ስለሚባለው የሻይ ጎድጓዳ ሳህን የጻፈው ላይ ቆምኩ። ሳህኑ ኪዮቶ፣ ዳይቶኩጂ ገዳም ውስጥ ነው፤ ጃፓኖች በብሔራዊ ቅርስነት መዝግበውታል። ያናጊ በ1931 እ.ኤ.አ. አስፈቅዶ ሊያየው ሄደ። ሳጥን ተከፈተ፤ በውስጡ ሌላ ሳጥን፤ በውስጡም ሌላ። በመጨረሻ ከሐር ጨርቅ ተፈትቶ የወጣው ድሃ ኮሪያዊ የሚበላበት ተራ ሳህን። ለገበያ የተሠራ፣ በርካሽ፣ ሠሪው ስለ ውበት ለአፍታ ሳያስብ። ያናጊ ያደነቀውም ይህንኑ ነው፤ ያላሰበ እጅ።

ሳህኑ ጦሰኛ ነው ይባል ነበር። ባለቤት በሆኑት ላይ እባጭ እየወጣ አስቸግሮ ነው ገዳም የገባው። የሚጠራውም ከባለቤቶቹ በአንዱ፣ በኦሳካ ነጋዴ ስም ነው።

ያናጊ ባየው ዘመን ኮሪያ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። እሱ ለኮሪያ ዕደ ጥበብ የተቆረቆረ ሰው እንደነበር አውቃለሁ፤ ሶል ውስጥም ሙዚየም ከፍቶለታል። ቢሆንም የሆነ ነገር ጎረበጠኝ። ነጋዴው ስም አለው፣ ገዳሙ ስም አለው፣ አድናቂው ስም አለው። ሸክላ ሠሪው የለውም። "ያላሰበ እጅ" መባሉንስ ቢሰማ ምን ይል ነበር? ሳያስብ መሥራቱን በምን አወቁ?

ትኩሳት። ነገ እንደገና አነበዋለሁ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ቆራሌው ልጅ መጣ። በር አያንኳኳም። ከመንገድ ሁለት ጊዜ "ቆራሌው!" ይላል፤ ሁለተኛውን ካስረዘመው ለኔ ነው።

"ማዘር፣ የሚወዱትን ዓይነት ዝገት ይዣለሁ።"

የበር እጀታዎች። ከፒያሳ ናቸው ይላል፤ ቤቶቹ ከፈረሱ ዓመት አልፏቸዋል፣ ዕቃው ግን ከየጓሮው አሁንም ይወጣል። አንዱ ነሐስ ነው፤ ሁለመናው ጠቁሯል፤ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ያበራል። ስንት ሰው ከፈተው። ገዢ፣ አከራይ፣ ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ። አውራ ጣቴን አስቀመጥኩበት። ልክ ገጠመ። የማንም ጣት ይገጥማል።

ነሐስ በኪሎ ይሸጣል፤ ካልገዛሁት ይቀልጣል። ይህ ለመግዛት በቂ ምክንያት ይሁን አይሁን አላውቅም። ሁልጊዜ ግን ይሠራብኛል፤ ልጁም ያውቃል። "እንግዲህ ለአቅላጮቹ ልውሰደው" ብሎ ሁለት እርምጃ ይሄዳል።

ሁለቱን ወሰድኩ። በር የለኝም።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ገብርኤል። መብራት የለም። ነጭ ጋዙን በሲሪንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ አጠጣሁት። ሳሎኑ ኩራዝ ኩራዝ ይሸታል። ጎረቤት ምን ተቃጠለ ብላ መጣች።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ቀጨኔ። በክረምት ሸክላ አይደርቅም ብለውኝ ነበር፤ ከሩቅ ግን ጭሱ ይታያል። ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል።

ሴትየዋ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጣ ጀበና ታበጃለች። ሸክላው የሚሽከረከርበት ነገር የለም፤ ጭቃው በእጇ ይወጣል፣ በእጇ ይዞራል። ሆዱን ጨርሳ በድንጋይ ትወለውለዋለች። ድንጋዩ የእናቷ ነው። ከእንቁላል ያንሳል፣ ጥቁር፤ በአንድ ጎኑ ጎድጉዷል። የጎደጎደው በምን እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም፤ ሸክላው የሚነካው ሌላው ጎን ነው። ኋላ አያያዟን አየሁ። በአውራ ጣት ነው። የእናትና የልጅ አውራ ጣት ድንጋይ በልቷል።

እንዳትሸጥልኝ ፈራሁ። እንድትሸጥልኝም ፈራሁ። አልጠየቅሁም።

አንድ ካፌ ሰላሳ ጀበና አዟታል። "ጠማማ አድርጊልን" ብለው። እሷ እየሳቀች ነው የምታወራው፤ አጠገቧ ያለችው ልጇ አትስቅም።

"ሆን ብሎ ማጥመም እንዴት እንደሚያስቸግር አይጠይቁኝ፣ እትዬ። እኔ ላጥም ስል እጄ ያቀናዋል።"

ለቀናው 250፣ ለጠማማው 350 ታስከፍላለች። ልፋቱ ስለሚበልጥ።

ከኋላዋ አንድ ጀበና ለብቻው ተቀምጧል። እሳት ላይ ነው የጎበጠው፤ አንገቱ ወደ ግራ አዘንብሏል፣ የእሳት ምላስ ያለፈበት ብርቱካንማ ጥላ ሆዱ ላይ ተንጋዷል። ዓይኔን ላነሳ አልቻልኩም። ይሄንን ስጪኝ አልኳት።

"ይሄማ አይሸጥም። ተበላሽቷል።"

የጠማማውን ዋጋ እከፍላለሁ አልኩ። ፊቷ ተለወጠ። "እኔ ነኝ የሠራሁት ብለው ለሰው ሊያሳዩት ነው? አይሆንም።" አንስታ ወደ ገሉ ክምር ወረወረችው። ድምፁ ትንሽ ነበር።

የቀናውን ገዝቼ መጣሁ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

የትናንቱ አልለቀቀኝም። ከንዴት ይልቅ እፍረት ይመስላል፤ የኔ ይሁን የሷ አልለየሁም።

አያቴ ቤት ገንቦም ምጣድም የምታመጣ ሴት ነበረች። አጥር ላይ ቆማ ነው የምትሸጠው። ገንቦው በአጥር ላይ ይገባል፤ እሷ አትገባም። ሕፃናቱን ወደ ውስጥ ይጠሩን ነበር፣ ዓይኗ እንዳያርፍብን። ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ብረት ሠሪውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ እሷን ቡዳ። ምኒልክ ባለ እጁን የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነግረው ነበር፤ አዋጁ አያቴ አጥር ድረስ አልደረሰም።

ከዚያ ቤት የቀረ አንድም ሸክላ የለኝም። ቢኖረኝ ኖሮ የት ነበር የማስቀምጠው? መሃል መደርደሪያው ላይ፣ መብራት ያለበት።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ፍልሰታ ገባ። አክስቴ ከደብረ ብርሃን ለሐኪም ቀጠሮ መጣች። በሶ፣ ሽሮ፣ አንድ ጀሪካን ኑግ። ካባዋን ሳታወልቅ መደርደሪያው ፊት ቆመች። ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ይህን ሁሉ ድህነት ከየት ሰበሰብሽው?"

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

አክስቴ ዕቃዎቹን እያወረደች ታያለች። መነጽሯን ረስታ መጥታለች፤ የምታየው በጣቷ ነው።

ቅሉን አንስታ አሸተተች። "የወተት ነው። በወይራ ታጥኗል።" ስፌቱን በጥፍሯ ተከትላ ሄደች፣ ራሷን ነቀነቀች። "ጎበዝ ናት ይቺ።" ቅሉ ከአፉ ወደ ሆዱ ተሰንጥቆ በጅማት ተጠምሯል፤ ስፌቱ ከጠባብነቱ ውሃ ያስገባል ብዬ አላስብም።

ገበቴው ላይ ግን ጨከነች። "ይሄን የሰፋው ወንድ ነው። ሴት እንዲህ አራርቃ አትሰፋም።" ገልብጣ ታችኛውን አየች፤ በአንድ በኩል የጠቆረ ቦታ አለ። "አየሽ? ምድጃ ሥር እየተወችው ነው የተሰነጠቀው። ሰነፍ ናት።" ማናት? "እንጃላት። ባለቤቲቱ።"

ስንት ቀን ስንጥቁን እያየሁ የሆነ ትዕግሥት፣ የሆነ ትሕትና ነገር አስብ ነበር። አክስቴ ያየችው ገበቴ እሳት ዳር የምትተው ሴት ነው።

የምርቃቱ ገበታ ሲመጣ ሳቀች። "ይሄ የከብት ነው። ጨው ያስልሱበታል።" ሦስቱ ጉድጓዶች እንደዚያ የለሰለሱት በምላስ ነው ማለት ነው። ቆሎ እያቀረብኩበት ከረምኩ። "ምን አለበት፣ ከብት ንጹሕ ነው" አለች። ከእጅ ይልቅ ምላስ ማለስለሱ ዋጋውን ያሳንሰዋል? አይመስለኝም። ቅር ግን አለኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ማታ የተሰበረ ሸክላ በወርቅ የሚጠግኑትን የጃፓኖቹን ፎቶ አሳየኋት። ስብራቱን አይደብቁትም፣ በላኬር አጣብቀው ወርቅ ይነሰንሱበታል ብዬ አስረዳሁ። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ አራቀች።

"ወርቅ ካላቸው አዲስ አይገዙም?"

ከዚያም እንደ ማሰሪያ፣ "ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ።" ግን ከአንድ ሰዓት በፊት የቅሉን ሰፊ ያመሰገነች እሷው ናት። ይህን ብላት ቅል ሌላ፣ ብርሌ ሌላ አለችኝ። እውነቷን ነው።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ከሐኪም መልስ ጠገራውን አሳየኋት። መዳፏ ላይ መዘነችው፤ ሃያ ስምንት ግራም ነው፣ እሷ "ሙሉ ነው" ብቻ አለች። ከዚያ ብሩ ላይ የተቀረጸችውን ሴት የደረት ጌጥ ዕንቁዎች በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ዘጠኝ። "ደህና ነው።" አባቷ እንዲያ ይቆጥር ነበር፤ የጎደለ ካለ አይቀበልም።

ሁሉም ላይ 1780 ይላል። ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት። ከዚያ በኋላ ቪየናም፣ ለንደንም፣ ቦምቤይም ያንኑ ዓመት እየጻፉ መትተውታል። ሙሶሊኒም በ1935 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ አስመትቷል፤ ለኛው ወረራ። የኔው የትኛው እንደሆነ በዓይኔ መለየት አልችልም። ፊቱ ላይ ያለው መፋቅ የሰው እጅ ነው፤ የምን ገንዘብ፣ ለማን የተከፈለ፣ ለምን አገልግሎት?

ብዙዎቹ ቀልጠው መስቀልና አምባር ሆነዋል። ይሄ እንዴት አመለጠ።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ከሥራ ስገባ መደርደሪያው ላይ አቧራ የሌለበት ትልቅ ክብ።

አክስቴ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጣለች። ገበቴው በጉልበቶቿ መካከል። ለነገ ሙልሙል።

መጀመሪያ በግራዋ ፈትጋ በፈላ ውሃ አጥባዋለች፤ ግራዋውን ከአጥሩ ቆርጣ። የቀባሁት ሰም በሙሉ ሄዷል። ከዚያ ጠንከር ያለ ሊጥ ድቡልቡል አድርጋ ስንጥቁ ውስጥ በአውራ ጣቷ እየጠቀጠቀች ደፈነችው፤ "አሁን ይይዛል"። ይዟል። ስትገፋ ገበቴው በሽቦው በኩል ሴራሚኩን ጢቅ፣ ጢቅ ያደርጋል።

ምን ማለት ነበረብኝ? ተይው ልል አፌን ከፈትኩ። "ውሃ አቀብይኝ" አለች። አቀበልኩ።

የአንዱ ሽቦ ጫፍ አንጓዋን ቧጨራት። ሊጥ ባለበት እጇ ቢላዋ አንስታ በጀርባው ቀጥቅጣ ወደ ውስጥ አጠፈችው። ሥራዋን ቀጠለች። ምንም አላለችም።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ቡሄ። ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች በሁለት ቡድን መጡ፤ ጅራፍ አልሰማሁም። ሙልሙሉ አለቀ። በር ላይ አንዷ ልጅ ሙቁን ዳቦ ጉንጯ ላይ አድርጋ ቆመች።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ገበቴው ደርቆ ወደ ቦታው ተመልሷል። ስንጥቁ ውስጥ የደረቀ ሊጥ፣ ነጭ መስመር። በጥርስ ብሩሽ ላወጣው ነበር። ተውኩት። አይጥ ሊመጣ ይችላል፤ ብል ሊመጣ ይችላል።

ሌላ ነገር። ወር ሙሉ በሰም ሳሸው ያልመጣ ቀለም መጥቷል። የዋንዛው ቡናማ ከውስጥ ወጣ፤ በተለይ ሊጡ የታሸበት ወለሉ ላይ። ወይም ሰሙ ነበር የሸፈነው። ወይም ዛሬ ፀሐይ ስለወጣች ነው።

እኔ ያለሁበት ቤት ይህ ዕቃ አያረጅም። እዚያው ላይ ቆሟል። የሚያምርብኝ ማርጀቱ ከሆነ ገና ስገዛው አስቆምኩት ማለት ነው። ልጠቀምበት ብል ደግሞ ለማን ነው የማቦካው? ብቻዬን ነኝ፣ ዳቦ ከሱቅ ነው የምገዛው። ለዕቃው ብዬ ዳቦ መጋገር ያስቃል።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

አክስቴ ሄደች። መድኃኒቱን በየቀኑ እንድትወስድ ሦስት ጊዜ አስማልኳት።

ትናንት ማታ ገበቴውን ውሰጂው አልኳት። ከልቤ ነበር፤ ግማሽ ልቤ።

"ምን ላደርገው? የኔንማ ለልዋጭ ሰጥቼ ሳፋ ይዣለሁ። ሁለት ሳፋ ነው የሰጠኝ።" ትልቅ ነበር? "ከዚህ ይበልጣል። አያትሽ ናት የተወችልኝ።" ፊቷ ላይ ጸጸት ፈለግሁ። የለም። "ሳፋ ቀላል ነው፣ ልጄ። ይሄ ወገብ ይቆርጣል። አንቺ ተሸክመሽው ወንዝ ወርደሽ አታውቂም።"

የፈለገችው ሌላ ነው። ክዳን ያለውን ሰማያዊ ባልዲዬን። በሶ ታስቀምጥበታለች። ሰጠኋት፤ መናኸሪያ ድረስ አቅፋው ሄደች።

የአያቴ ገበቴ እንግዲህ በአንድ ልዋጭ ጀርባ ወጥቷል። ወዴት እንደሄደ ማን ያውቃል። ማገዶ ሆኖ ይሆናል። ምናለሽ ተራ "ከሰሜን" ተብሎ ይሆናል።

ነሐሴ 23፣ ዓርብ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደወለች። አዲስ ቤት ገዝታለች፤ ለሳሎኗ "ያረጀ፣ የኛ የሆነ" ነገር ትፈልጋለች። የብራና ገጽ በመስታወት አስገብተው ሲሰቅሉ አይታለች።

አጋጣሚ ሆኖ ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው የብራና ቅጠል ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ዘንድሮ ከነካሁት ሁሉ ያማረው እሱ ነው፣ መዋሸት አልችልም። ቆዳው ሲፋቅ የተቀደደች የአተር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ነበረችው። ሳይጻፍበት ነው የሰፉት። ጸሐፊው ደርሶ ቃሉን ከፈለው፤ ሁለት ፊደል ከቀዳዳው ወዲህ፣ ሁለት ፊደል ወዲያ። የማርያም ስም በቀይ። መስመሩ አልተንጋደደም። በጎኑ ግን ቅጠሉ ከጥራዙ የተለየው በምላጭ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ አዲስ፣ ነጭ ቁርጥ።

መለስኩለት። ከየት አመጣኸው አላልኩም፤ ማለት ነበረብኝ መሰለኝ። የቅርስ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር አይወጣም ይላል። ለአክስቴ ልጅ ይህን ነገርኳት። "አንድ ገጽ እኮ ናት" አለች። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ተሰርቆ ከአራት ዓመት በኋላ ቤልጂየም ከአንድ ሰብሳቢ እጅ መመለሱን ነገርኳት። እሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ይሄ ትንሽ ነው አለች። ሰብሳቢ የሚለውን ቃል ስናገር ድምፄ ዝቅ ማለቱን አላስተዋለችም።

አገልግል እልክላታለሁ አልኩ። አዲስ። ቅር እንዳላት ዘጋች።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

የስጦታ ዕቃ ሱቅ ጓሮ። መጸዳጃ ቤት ፈልጌ ነው የገባሁት። ሁለት ልጆች አዲስ በርጩማዎች ላይ የቡና አተላና የተቃጠለ ዘይት ያሻሉ፤ አጠገባቸው በርሜል ውስጥ ጭስ። አንደኛው እግሮቹን በሰንሰለት ይቀጠቅጣል፣ ዳር ዳሩን፣ በመጠን፣ ትክክለኛ ቦታው ላይ። ሰው ሲያነሳና ሲያስቀምጥ የሚጋጨው የት እንደሆነ ያውቃል። ጥሩ ሥራ ነው።

ባለሱቁ አላፈረም። "ሰው አሮጌ ይፈልጋል። አሮጌው አልቋል። ምን እናድርግ?"

ቤት ገብቼ የኔውን በርጩማ መብራት ሥር አገላበጥኩት። የተጋጨው ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው። ቅንቅኑ ማስረጃ አይሆንም፤ አዲስ እንጨትም ይበላል። ስቀመጥበት ግን ያው ይመቻል።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ሩፋኤል። ዝናቡ ልክ በሰዓቱ። የግቢው ልጆች በሙሉ ራቁታቸውን ወጥተው ይጮኻሉ። የታችኛዋ ጎረቤቴ በባልዲ፣ በድስት፣ ባላት ሁሉ ትይዛለች። እኔም የቀጨኔውን ጀበና አወጣሁ። ገና አላሟሸሁትም።

ጳጉሜ 4፣ ማክሰኞ

የሕዳሴው ግድብ ምረቃ። ሰፈሩ በሙሉ ቴሌቪዥን ፊት። ቆራሌውም አልመጣ።

መስከረም 4፣ እሑድ

ፀሐይ፤ እውነተኛዋ። ቆዳ ቆዳውን በረንዳ ላይ አወጣሁ። የዓደይ አበባው ብርሌ ውስጥ ሁለት ቀን ቆየ፣ ዛሬ ጎንበስ ብሏል።

ስድስት ኪሎ፣ የድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ሙዚየም ትዝ አለኝ። ዕቃው በሰው ዕድሜ ነው የተደረደረው፤ ልደት፣ ልጅነት፣ ጎልማሳነት፣ ሞት። ተማሪ ሳለሁ ገበቴና ማጭድ ለማየት ሰው ለምን ይከፍላል እል ነበር። ጽሑፎቹ የመጣበትን አገር ይናገራሉ፤ የሠሪ ስም ያየሁ አይመስለኝም። የሙዚየሙ ሰብሳቢዎች እነ ኾይናትስኪ ያን ባይሰበስቡ ግን ዛሬ ምን ይቀር ነበር? ለዚህ ጥያቄ አንድ ቀን አንድ መልስ፣ ሌላ ቀን ሌላ መልስ አለኝ።

ደብተር ጀመርኩ። ለየዕቃው አንድ ገጽ። ገበቴ፦ "ዋንዛ። ሁለት ጊዜ ተጠግኗል፤ በጠፍር፣ በሽቦ። የሰፋው ወንድ (አክስቴ)። ባለቤቲቱ ሰነፍ (አክስቴ)። ነሐሴ 12 ሙልሙል ተቦክቶበታል።" ቅል፦ "ሰፊዋ ጎበዝ።" እጀታ፦ "ፒያሳ፣ ልጁ እንዳለው።" ጠገራ፦ ባዶ። ትንሽ ነው። ግን ከ"ሰሜን" ይሻላል።

ከእንግዲህ ሳልጠይቅ አልገዛም። ማን ቤት ነበር፣ ማን ያዘው፣ ለምን ተሸጠ።

መስከረም 10፣ ቅዳሜ

ጥያቄዬ ዋጋ አስጨመረ። ቆራሌው ልጅ ነገሩ ገብቶታል። ባለፈው የሻይ ማንቆርቆሪያ ሲያመጣ ከማን ቤት እንደሆነ አጥብቄ ጠየቅሁት፤ ደብተሬ ላይ ስጽፍ አየኝ። 80 የነበረውን 150 አለ።

ዛሬ ደግሞ ሳልጠይቀው ጀመረ። ፔርሙስ ነው፤ ቆርቆሮው ዝጎ፣ የተሳለበት አበባ ግማሹ ተልጦ። ቻይና የተሠራ።

"ማዘር፣ ይሄ የደጃዝማች ነበር።"

"የየትኛው ደጃዝማች?"

አሰበ። ፊቴን አየ፣ ደብተሩን አየ።

"እርስዎ የትኛውን ይፈልጋሉ?"

400 ነው ዋጋው። ክዳን የለውም።